ስለ ቤት ቁጠባ

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ከተቆረቆረች ወዲህ በገበያዋ ብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ ነበር። አሞሌ ማለት ተለክቶ የተጠረበ ጨው ነው። ከአፋር ምድር ተቆርጦ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፥ በትግራይ በኩል ወደ ጎንደር ይመጣ ነበር። ሰውም በአሞሌ እህል፥ ማርና ጨርቅ ይገዛበት ነበር። ነገር ግን አሞሌ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ እርጥበት ሲያገኘው ይሟሟል። በክረምት በእርጥብ ስፍራ ያኖረው ሰው፥ ሌባ ሳይገባበት ገንዘቡ ያልቅበት ነበር።

ዛሬ በአሞሌ የሚገበያይ የለም። የቤት ሀብት ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደ አሞሌ ነው፤ ካልጠበቁት ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ያልቃል። ከጎታው አንድ ጭብጥ፥ ከምድጃው አንድ ጉማጅ፥ ከኪስ አንድ ብር ሲጠፋ ማንም አያስተውለውም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የጠፋው 365 ጭብጥ፥ 365 ጉማጅና 365 ብር ነው። ቁጠባ ማለት ይህን መሟሟት መከልከል ነው።

ቁጠባና ንፍገት አንድ አይደሉም። ንፉግ ሰው ያለውን ከራሱም ከድኻም ይከለክላል። ቆጣቢ ሰው ግን ያለውን ጠብቆ በሚያስፈልግበት ጊዜ ያውለዋል። ድንገት እንግዳ ሲመጣበት የሚያበላው፥ ትናንት ያላባከነውን ነው።

ይህ ነገር ለጎንደርና ለሰሜን ደጋ ሰዎች እጅግ ያስፈልጋል። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች ብርዷ ብርቱ ነው፤ በዙሪያዋም ገብስ በብዛት ይዘራል። በደጋው ብዙው ገበሬ የሚያጭደው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ የሰበሰበው እህል እስከሚቀጥለው መከር ሊያደርሰው ይገባል። እህል ከአውድማ በተነሣበት በጥር ወር ይረክሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ጎታው ሲጎድል ዋጋው ይወደዳል። በጥር ያለ ልክ የሸጠ ሰው፥ በነሐሴ እህል ፈልጎ በውድ ዋጋ ይገዛል።

በወገራ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ እንበል። መሬታቸውም በሬያቸውም እኩል ነበር። በአንድ ዓመትም ሁለቱ ልጆቻቸውን ዳሩ።

አንደኛው «ከሰው አላንስም» ብሎ ታላቅ ድግስ ደገሰ። እህሉን በርካሽ ሸጠ፤ አልበቃ ቢለው ደግሞ በአራጣ ተበደረ። አገሩ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ አመሰገነው። ግንቦት ሲደርስ ግን ጎታው ባዶ ሆነ፤ ልጆቹም ተራቡ። በዚያን ጊዜ ለዘር ያኖረውን ገብስ አውጥቶ አስፈጨው። የተራቡ ልጆቹን ስላበላ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ዝናብ በመጣ ጊዜ የሚዘራው አጣ። ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ዘር ገዛ። ዘር ቢያገኝ በሬ ጎደለው፤ መሬቱንም ለሌላ ሰው የእኩል ሰጠ። ከመከሩ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነበር፤ ከግማሹም ላይ የብድሩን ከፈለ። የአንድ ሳምንት ድግስ የሁለት ዓመት ኑሮውን በላበት።

ሁለተኛው ግን ከመደገሱ በፊት ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ተማከረ። እህሉንም በአራት ወገን ለየው፤ አንዱን ለዘር፥ አንዱን ለቀለብ፥ አንዱን ለልብስና ለግብር፥ የቀረውን ለድግስ። ሚስቱም የዘሩን እህል በተለየ ጎታ ከትታ አፉን በጭቃ መረገችው። ድግሳቸው አነስተኛ ስለ ነበረ ብዙ ሰው አማቸው። ሰኔ ሲገባ ግን ካሙት ሰዎች አንዳንዶቹ «ዘር አበድረን» እያሉ ደጁን መቱ፤ እርሱም እንደ አቅሙ ሰጣቸው። ያ ጎረቤቱ ግን አብሮ አምቶት ነበርና አፍሮ ሳይመጣ ቀረ።

ዘርና በሬ ሲጠፉ ምን እንደሚሆን አገሩ በክፉ ቀን አይቶታል። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። በዚያ ዘመን ዝናብ ቢዘንብም እንኳ የሚያርስበት በሬና የሚዘራው ዘር ያጣ ገበሬ ብዙ ነበር። እንዲህ ያለውን መዓት የአንድ ቤት ቁጠባ ሊመልሰው አይችልም። በየዓመቱ የሚመጣውን የክረምት ችግር ግን ሊያቀልለው ይችላል።

ብልህ ባለቤት እህሉን ወደ ጎታ ከመክተቷ በፊት በፀሐይ ታደርቀዋለች፤ እርጥብ እህል ይሻግታልና። የዱሮውን እህል ጠርጋ ሳታወጣ አዲሱን አትጨምርም፤ ነቀዝ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይተላለፋልና። ጎታውንም ከመሬት ከፍ አድርጋ በድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለች። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ስለዚህ ባቄላ ወይም ማሽላ ከጤፍ ጋር ሲቀላቀል፥ ጤፉ በመካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መመላለሻ ያጣል። በኋላም በወንፊት ይለዩታል።

እንጀራም ምጣዱ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ የሁለት የሦስት ቀኑን አከታትሎ መጋገር ይሻላል፤ ምጣዱን በየቀኑ እንደገና ማጋል ማገዶ ይፈጃልና። በከተማ በኤሌክትሪክ ምጣድ ለምትጋግርም ነገሩ እንዲሁ ነው። የተረፈው እንጀራ ሳይሻግት በፀሐይ ቢደርቅ ድርቆሽ ሆኖ ለሌላ ቀን ይበላል።

በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ እሳቱ በዙሪያው ወጥቶ ይባክናል። ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ ግን ሙቀቱን ይይዛል፤ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ይህም ለእርሻ ይጠቅማል። በደጋው እንጨት ስላነሰ ብዙ ሰው ኩበት ያነድዳል፤ ኩበት ደግሞ ለመሬት ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ፍግ ነው። ማገዶ የቆጠበች እናት ለእርሻው ፍግ ተረፈች ማለት ነው።

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው የሚገዛውን ከቤቱ ቆጥሮ ቢወጣ መልካም ነው። ዐይን ያየውን ሁሉ ይመኛልና፤ «ያስፈልገኛል» እና «አማረኝ» የሚሉትን ነገሮች አስቀድሞ መለየት ይገባል። የተረፈውን ገንዘብ በዕቁብ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ዕቁብተኛው ለባልንጀሮቹ ቃል ስለ ገባ ገንዘቡን በከንቱ አያጠፋም። ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል የነበረውን ፀደይ ባንክን የመሰለ ባንክም የጥቂቱን ሰው ጥቂት ገንዘብ ይቀበላል። በሣጥን ብቻ የተቆለፈ ብር ግን፥ ዋጋ በተወደደ ቁጥር የሚገዛው እያነሰ ይሄዳል፤ እርሱም እንደ አሞሌ ይሟሟል። ስለዚህ አንዳንድ ብልህ ሰው በተረፈው ብር እንቁላል የምትጥል ዶሮ ወይም የምትወልድ በግ ይገዛበታል።

ልጆች ሆይ፥ ቁጠባ የአባትና የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። የደብተሩን ገጽ እስከ ዳር የሚጽፍ ልጅ፥ እናቱ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችውን ውሃ የማይደፋ ልጅ፥ የማይጨርሰውን እንጀራ በገበታ ላይ የማይቆርስ ልጅ፥ እርሱ ቤቱን ይረዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ትንሹን መጠበቅ የለመደ እጅ ሲያድግ ትልቁን ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ሰው ሰኔ ሲገባ ዘሩ በጎታው፥ በሬው በደጁ ይገኛል።

ጥያቄ።
1. አሞሌ በክረምት ለምን ይሟሟ ነበር? የቤት ሀብትስ በምን ይመስለዋል?
2. በቆጣቢና በንፉግ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. የመጀመሪያው ጎረቤት በሬውን ለመሸጥ ያደረሰው ምንድን ነው?
4. በቤታችሁ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚባክን ነገር ምንድን ነው?