ዓይን ሲያሳክክ ምን ማድረግ ይገባል?

ዓይኑ የሚያሳክከው ሰው እጁን ሰዶ ማሸት ይቀናዋል። ማሸት ለጊዜው ደስ ይላል እንጂ ሕመሙን ያብሳል፤ የእጅንም እድፍ ወደ ዓይን ያስገባል። ስለዚህ አስቀድሞ ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ ጢስና እብቅ። በብርድ ጊዜ ቤቱ ተዘግቶ ኩበት ሲነድ ጢሱ መውጫ ያጣል፤ የእናቲቱና ያዘለችው ልጅ ዓይን ይቀላል፣ ያነባል። ገብስ ተወቅቶ ሲነፍስም እብቁ ዓይን ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ እጅን በሳሙና ታጥቦ ዓይንን በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። የገባውን ነገር በእንጨት ወይም በምላስ ለማውጣት አትሞክሩ። ኩበቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ለጢሱም ከፍ ብሎ መውጫ ይበጅለት።

2ኛ/ አለርጂ፣ ይኸውም ለሰውነት ያልተስማማ አቧራ ወይም የአበባ ብናኝ ነው። ሁለቱም ዓይኖች በጣም ያሳክካሉ፣ ቀጭን እንባ ያፈሳሉ፤ ወፍራም ዓይናር ግን የለም። ማስነጠስም ይከተላል። ይህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነክሮ በተከደነው ዓይን ላይ ማኖር ያስታግሣል። ባናውንና ዝተቱን ከቤት ውጭ እያራገፉ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይረዳል። ሐኪም ያላዘዘውን የዓይን ጠብታ ከገበያ ገዝቶ መጨመር ግን ዓይን እስከ ማጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

3ኛ/ ትራኮማ ወይም የዓይን ማዝ። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 100 ሕፃናት መካከል ከ60 በላይ የሚሆኑት ይህ በሽታ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፤ ነገር ግን ጨርሶ አልጠፋም።

በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። በዓይናር፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። እናት በነጠላዋ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይን ጠርጋ በዚያው የሌላውን ስትጠርግ፣ ለፍቅር ብላ በሽታውን ታዳርሳለች፤ ለራሷም ይተርፋታል። በሽታው ሲመላለስ የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም። ልጆችን የሚይዙት እናቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ በዚህ የሚታወሩት ሴቶች ይበዛሉ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ/ የልጆችን ፊት በየቀኑ ጧትና ማታ፣ ዓይናር በታየም ጊዜ ሁሉ እጠቡ። «ውሃው ሩቅ ነው» ትሉን ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ልጅ ፊት ለማጠብ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል እኮ!

ለ/ ፎጣ ወይም መጥረጊያ ጨርቅ ለየራስ ይሁን።

ሐ/ ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ተጠቀሙበት።

መ/ የአዚትሮማይሲን መድኃኒት በነፃ ሲታደል ቤተሰቡ ሁሉ ይውሰድ። ልጆችን በእንጨት የሚለኩት መጠኑን በቁመታቸው ለመወሰን ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል፤ ቅባቱ ጧትና ማታ ለ6 ሳምንት ይቀባል። ዓይኑ ዳነ ብላችሁ በመካከል አታቋርጡ።

ሠ/ ሽፋሽፍቷ የታጠፈባት እናት በወረንጦ እየነቀለች አትቀመጥ፤ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላልና። የሠለጠኑ ነርሶች ቆቡን አደንዝዘው በአጭር ጊዜ ቀዶ ያስተካክሉታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ፤ ሕክምናው የት እንደሚሰጥ ትነግራችኋለች።

ዓይን በብርቱ ካመመ፣ ማየት ከቀነሰ፣ እብቁም አልወጣ ካለ፣ ወይም አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን መግል ከያዘ፣ ቅጠል ጨምቆ ማንጠብጠቡን ትታችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።