የመርዝ አበባ ስም ያለው ሽቶ

 

አንዲት እህት በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ኡስታዝ፣ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ዳቱራ የሚል ሽቶ አመጣችልኝ። ሽታውን በጣም ወድጄዋለሁ። በኋላ ስፈልገው ግን ዳቱራ ማለት ሰው የሚያሳብድ መርዛማ አበባ ነው የሚል አገኘሁ። ቤት ውስጥ ተቀብቼው ብሰግድ ሶላቴ ይበላሻል? ወንድሜስ ለጁሙዓ ቢቀባው?»

«አይበላሽም፣ ስገጂ» ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ግን ጥያቄው ከዚያ በላይ ይዟል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው።

መጀመሪያ አበባውን እንወቀው። ዳቱራ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይምሰላችሁ፤ እኛ አገር አስተናግር የሚባለው እሱ ነው። መንገድ ዳር፣ ቆሻሻ በሚጣልበት፣ የፈረሰ ቤት ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ። ፍሬው እሾህ የለበሰ ነው፤ አበባው ደግሞ እንደ ጡሩንባ የረዘመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው። ቀን ተጠቅልሎ ይውልና ሲመሽ ይከፈታል፤ ሽታውንም የሚለቀው ያኔ ነው። በጨለማ ደማቅ ቀለም ምን ይሠራል? በነጭነቱና በሽታው ረጅም ምላስ ያላቸውን የእሳት እራቶች ይጠራል፤ በማግስቱ ፀሐይ ሲበረታ ይጠወልጋል። ሱብሓነላህ! እኛ ተኝተን ሳለ ይህ ሁሉ ሥራ ይካሄዳል።

መርዝነቱ ግን ቀልድ አይደለም። ከሥሩ እስከ ፍሬው አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ የሌለ ነገር እያየ ይለፈልፋል፤ አስተናግር የሚለው ስም በከንቱ አልወጣለትም። ሊሞትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1676 አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ቅጠሉን እንደ ጎመን በልተውት ለ11 ቀን አእምሯቸውን ስተው እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኡጋንዳ ካራሞጃ ውስጥ ከዚሁ ተክል ጋር የተቀላቀለ የእርዳታ ዱቄት የበሉ ሦስት መቶ ያህል ሰዎች ታመው የሞቱም ነበሩ። ይሁንና ያው አትሮፒን በሐኪም እጅ ሲገባ ለዓይን ምርመራ ብሌን ያሰፋል፤ በፀረ ተባይ ኬሚካል የተመረዘ ገበሬንም ከሞት ያተርፋል። አላህ (ሱ.ወ) አንዳችም ነገር በከንቱ አልፈጠረም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። በዚህ ስም ከሚታወቁት ሽቶዎች አንዱ የፈረንሳዩ ሰርዥ ሉተንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው «ዳቱራ ኑዋር» ነው፤ ጥቁር ዳቱራ ማለት ነው። ሲያሸቱት ለውዝ፣ ኮኮናት፣ ቫኒላና ቱቤሮዝ የሚባለው ነጭ አበባ ይመጣል። በሽቶ ሥራ «የዳቱራ ሽታ» የሚባለው በአብዛኛው እንዲህ ከሌሎች ነገሮች ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው። ሽቶ ቀማሚዎች አንዳንዴ ሕያው አበባ ላይ መስታወት ደፍተው በዙሪያው ያለውን አየር ይመረምሩና ያንን ሽታ ከሌላ ምንጭ ይገነቡታል። ስለዚህ እህቴ፣ ጠርሙስሽ ላይ ያለው ስሙ ነው፤ አበባው ራሱ ውስጡ አለ ማለት አይደለም።

እሺ፣ አንድ ጠብታ አለበት ብለን እንገምት። ሶላትን የሚያበላሸው ነጃሳ ነው፤ መርዝ ሁሉ ደግሞ ነጃሳ አይደለም። ብዙ ወጣቶች ሐራምንና ነጃሳን አንድ ያደርጓቸዋል፤ ሁለቱ ግን ይለያያሉ። እንደ ኢማም ነወዊ ያሉ የሻፊዒይ ዑለማዎች አእምሮን የሚያስቱ ተክሎች መብላታቸው ሐራም፣ አካላቸው ግን ጧሂር መሆኑን አስረድተዋል። የከለከላቸው ጉዳታቸው ነው። ሚስክን ተመልከቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሽቶ ሁሉ በላጭ ያሉት ሚስክ የሚገኘው ከአንድ የአጋዘን ዓይነት የሰውነት ከረጢት ነው፤ ፉቀሃዎች መነሻው ደም ነው ይላሉ። ግን ተለውጧልና ጧሂር ነው። ፍርዱ የሚሰጠው አሁን በእጃችን ባለው ነገር ላይ ነው።

የአልኮሉን ጉዳይ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ዑለማዎች ተለያይተውበታል፤ ነጃሳ ነው ያሉ አሉ፣ በዘመናችን የፈቀዱት ደግሞ ብዙ ናቸው። ልቡ ያልረጋ ሰው አልኮል የሌለበትን የዘይት ዐጥር ይጠቀም። በዚህ ጉዳይ ወንድሙን መስጂድ በር ላይ የሚያስቆምና የሚከራከር ሰው ግን ከሽቶው የባሰ ነገር ይዟል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስሙ ነው። በሐዲስ እንደተነገረን የኡማው ሰዎች አስካሪ መጠጥን በሌላ ስም እየጠሩ የሚጠጡበት ጊዜ ይመጣል። ሐራሙን በሚያምር ስም ሸፍኖ መሸጥ ይህ ነው፣ እናውቀዋለን። የሽቶ ገበያው ያደረገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሐላል የሆነውን ነገር በሐራም ስም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 «ኦፒየም» የሚባል ሽቶ ወጣ፤ በ1985 ደግሞ የዲዮር «ፖይዝን»፤ አንዱ የሱስ ዕፅ፣ ሌላው መርዝ ማለት ነው። ቀጥሎ ዳቱራው መጣ። ውስጣቸው ያለው አበባና ቅመም ሆኖ ሳለ አደጋ፣ ስካር፣ ማማለል ተብለው የተጠሩት ለምን ይመስላችኋል? ሻጩ ሰው የተከለከለ ነገር እንደሚጎትተው ያውቃል። አባታችን አደም (ዐ.ሰ) ጀነት ውስጥ ሳሉም ኢብሊስ የመጣባቸው በዚሁ በር ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም ያሳስባቸው ነበር። ዓሲያ፣ ማለትም አመጸኛ፣ የምትባልን ሴት ጀሚላ ብለዋታል። ሴትየዋ ያችው ናት፤ የተለወጠው የምትጠራበት ነው። በስሙ ምክንያት ሽቶውን ሐራም ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት የለኝም። ግን ስትገዙ የገዛችሁት ሽታውን ነው ወይስ በስሙ ውስጥ ያለውን ታሪክ? «ዛሬ መርዝ ተቀብቻለሁ» ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ወጣት ሽታውን ሊያሳየን አይችልም፤ የሚያሳየን ታሪኩን ነው።

ይህ ወደ ኒያ ያደርሰናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህች ዱንያ ከተወደዱላቸው ነገሮች አንዱ ሽቶ እንደሆነ ተናግረዋል። በጁሙዓ ቀን ታጥቦ፣ ቤቱ ካለው ሽቶ ተቀብቶ ወደ መስጂድ ለሚሄድ፣ ሰው ሳይለያይ ለሚሰግድና ኹጥባውን ጸጥ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ትልቅ ምንዳ አለው። ሴት ደግሞ ወንዶች ሽታዋን እንዲያገኙት ብላ ተቀብታ በመካከላቸው ማለፏን አጥብቀው ከልክለዋል፤ በቤቷና በእህቶቿ መካከል ግን ተቀብታ ታምር። ወንድሞች፣ ይህን ስታነቡ «ለእነሱ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ሽቶው የወንድ ስለሆነ ኒያው ተጠርቷል ማለት አይደለም። ለክፍል ጓደኛዋ ብሎ የተቀባ ሰው ለጁሙዓ ተቀባሁ ሊል አይችልም።

ደግሞ መጠኑ! እንዲህ ያሉ የነጭ አበባ ሽቶዎች ከባድ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጂድ እንዲርቅ የታዘዘው አጠገቡ ያለው ሰው እንዳይቸገር ነው። አስም ያለበት አባት ከጎናችሁ ተቀምጦ በሽቷችሁ እየሳለ ኹጥባ ካመለጠው ጉዳዩ ያው ነው። አንድ ጊዜ መርጨት ይበቃል፣ ስድስት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ይህን ጽሑፍ አንብቦ አስተናግር ቀጥፎ በዘይት ዘፍዝፎ ዐጥር ልሥራ የሚል እንዳይኖር። የቤት ውስጥ ዘይት አሠራር በየቪዲዮው ስለሚታይ ነው የምለው። የነካ እጅ ዓይን ሲያሽ ብሌን ሊሰፋና እይታ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ትንሽ ልጅ ፍሬውን አፉ ውስጥ ይከታል። ለጥርስ ሕመም የፍሬውን ጭስ የሚታጠኑም አሉ፤ እሱንም ተዉትና ሐኪም ቤት ሂዱ። ልጅ ቀምሶት ከተገኘ ቤት ውስጥ ወተት እየሰጡ መጠበቅ አይደለም፤ ተክሉን ይዞ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዋና ዓላማዎች አንዱ ነው።

የእህታችን ሽቶስ? አክስትሽ በፍቅር ያመጣችልሽ ስጦታ ነው። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ሲሰጣቸው አይመልሱም ነበር። አመስግነሽ ቤትሽ ተቀቢው፣ ስገጂበትም። ለወንድምሽም ለጁሙዓ ጥቂት ስጪው። ስሙ ከከበደሽ መርካቶ ባዶ የዐጥር ብልቃጥ በትንሽ ብር ይገኛል፤ ገልብጪበት።

ወላሁ አዕለም።