ይሉኝታ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል፦ በተጨናነቁ የጉብኝት ቦታዎች ተራን ስለ መጠበቅ፣ ከካፋ ዞን አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ጎብኚ በሚበዛባቸው ቦታዎች የሚታዩት ተራ መዝለል፣ መጋፋትና የያዙትን ቦታ አለመልቀቅ ብዙ ጊዜ የአስተዳደግ ጉድለት ተደርገው ይወሰዳሉ። ይህ ጽሑፍ ችግሩ በዋናነት የሚመነጨው ተራው ለሁሉም ግልጽ ካለመሆኑና ተራን ለሌላ ሰው የመልቀቅ መብት የማን እንደሆነ በውል ካለመለየቱ ነው የሚል መከራከሪያ ያቀርባል። መከራከሪያው ስለ ሰልፍ በተደረጉ ቀደምት ጥናቶች፣ በይሉኝታ ጽንሰ ሐሳብ፣ እንዲሁም በዕቁብና በካፋ የኮቦ ልማድ ላይ ይመሠረታል። በመጨረሻም በቦንጋና በአካባቢዋ ላሉ የጉብኝት ቦታዎች የሚበጁ የአሠራር ሐሳቦችንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚያገለግል የምልከታ ዘዴን ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ ተራ፣ ይሉኝታ፣ ጎብኚ፣ የጋራ ሀብት፣ ካፋ

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ቦንጋ ለበርካታ የጉብኝት ቦታዎች መነሻ ናት። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም በከተማዋ ይገኛል፤ የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተፈጥሮ ድልድይና የባርታ ፏፏቴ ከከተማዋ ተነሥቶ የሚደረስባቸው ናቸው፤ በዴቻ ወረዳ በማኪራ ደግሞ የቡና እናት እየተባለ የሚጠራው ዛፍ አለ። የካፋ የደን ቡና የሚበቅልበት አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። በመስከረም የሚከበረው የካፋ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል ማሽቃሬ ባሮም ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ ያሰባስባል።

እነዚህ ስፍራዎች የመዝናኛ ፓርኮች አይደሉም። ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ከመዝናኛ ፓርክ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም የሚፈልገው፣ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊቆምበት የማይችል ጠባብ ቦታ አላቸው። ከፏፏቴው ፊት ያለው መቆሚያ፣ የዛፉ ግርጌና የሙዚየሙ ማሳያ ሣጥን ለዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ልዩነቱ ያለው በጉዳቱ ላይ ነው። በመዝናኛ ፓርክ ተራ ሲዘለል የሚጠፋው ጊዜና መልካም ስሜት ነው፤ በማኪራ ግን ተራው ፈርሶ ሰው በየአቅጣጫው ሲጋፋ የሚረገጠው የዛፉ ሥር ነው። የአረቢካ ቡና መጋቢ ሥሮች በአብዛኛው የሚገኙት በላይኛው የአፈር ንብርብር በመሆኑ የአፈሩ በእግር መጠቅጠቅ በቀጥታ ይነካቸዋል። ከመንገዱ ጥቂት ወጣ ብሎ ሰልፉን ማለፍም የደን ቡና ችግኞችን መርገጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጎብኚ ጠባይ ጥያቄ እዚህ ላይ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጥበቃ ጉዳይም ነው።

2. የሰው ጠባይ ወይስ የቦታው አደረጃጀት?

የተለመደው ማብራሪያ ተራ የሚዘል ሰው ጨዋነት የጎደለው ነው የሚል ነው። ማብራሪያው ግን አንድ ቀላል እውነታን ሊያስረዳ አይችልም። በአዲስ አበባ ማለዳና ማታ ለታክሲ የሚሰለፈውን ሕዝብ እንመልከት። ድካምም ጥድፊያም እያለ በሥራ ሰዓት መግቢያና መውጫ ላይ ረጅም ሰልፍ ተይዞ ይጠበቃል፤ ዘልሎ የሚገባ ሰው ከኋላው ካሉት ተግሣጽ ይደርስበታል፤ ተራ አስከባሪም በቅርብ አለ። ይኸው ተሳፋሪ በበዓል ቀን በአንድ የጉብኝት ቦታ ሲገኝ ሊጋፋ ይችላል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሁኔታው ነው።

ሁኔታው በምን ተለወጠ? ለመልሱ ይሉኝታ የሚለው ቃል ይረዳል። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ራስን መግታት ነው። ይህ ግን ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ «ሰው» የሚባለው፣ ማለትም የሚያየንና ነገ የምናገኘው ማኅበረሰብ፣ መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ምን ቢደረግ ነውር እንደሚሆን በሁሉም ዘንድ መታወቅ አለበት። በጉብኝት ቦታ የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ይላላል፤ ጎብኚው ዳግመኛ የማያገኛቸው ሰዎች መካከል ቆሟልና። ሁለተኛው ደግሞ የሰልፉ መጀመሪያና መጨረሻ በማይታይበት ቦታ ከነአካቴው ይጠፋል። የመጀመሪያውን ማንም የቦታ አስተዳዳሪ ሊለውጠው አይችልም፤ ሁለተኛው ግን በእጁ ነው።

3. ሰልፍ እንደ ማኅበራዊ ሥርዓት

ኤርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሥራው ሰው በአደባባይ የራሱ አድርጎ ከሚያስከብራቸው ይዞታዎች መካከል ተራን አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። በዚህ አተያይ ተራውን የተነጠቀ ሰው የሚቆጣው ጥቂት ደቂቃ ስለ ጠፋበት ብቻ ሳይሆን ይዞታው ስለ ተደፈረ ነው።

ሊዮን ማን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጥናት በአውስትራሊያ ለእግር ኳስ ትኬት ሌሊቱን የሚሰለፉ ሰዎችን መርምሯል። ሰልፈኞቹ ለአጭር ጊዜ ስለ መውጣት፣ በዕቃ ቦታ ስለ መያዝና በፈረቃ ስለ መጠበቅ የጋራ ደንብ እንደነበራቸው አሳይቷል፤ ደንቡን ያወጣው ግን ባለ ሥልጣን አልነበረም። ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሙከራ በኒው ዮርክ በ129 ሰልፎች ውስጥ ሆን ብለው መሃል ገቡ። ተቃውሞው በብዛት የመጣው ከገባው ሰው ፊት ካሉት ሳይሆን ከኋላው ካሉት ነበር፤ የሚገቡት ሁለት ሲሆኑም ተቃውሞው ጨመረ። በቀጥታ ከኋላ የቆመው ሰው ዝም ካለ ግን ሌሎቹም ወደ ዝምታ አዘነበሉ። ተራን የማስከበሩ ኃላፊነት በልማድ የሚወድቀው በአንድ ሰው ላይ ነው ማለት ነው፤ እርሱ በይሉኝታ ዝም ካለ ሰልፉ ጠባቂ አልባ ይሆናል።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ሁለት ፊት እንዳለው እናስተውላለን። ዘላዩን የሚገታው ይሉኝታ፣ የተዘለለበትንም ሰው «ጠበኛ እባላለሁ» በሚል አፉን ያስይዘዋል። ጎብኚ በበዛበት ስፍራ የመጀመሪያው ይሉኝታ ሲላላ ሁለተኛው ካልላላ ተጠቃሚው ዘላዩ ብቻ ነው።

4. የሚሰጠው የማን ጊዜ ነው?

አንድ የመላ ምት ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ መመልከቻ ፊት 10 ቡድኖች ተሰልፈዋል እንበል፤ እያንዳንዱ ቡድን 3 ደቂቃ ይቆማል። ሁለት አዲስ ቡድኖች መጡ። ወደ መጨረሻ ቢሄዱ አንዱ 30፣ ሌላው 33 ደቂቃ ይጠብቅ ነበር። ነገር ግን በሁለተኛው ቡድን ውስጥ ያለ ወዳጃቸው «ከኋላዬ ግቡ» ስላላቸው ሦስተኛና አራተኛ ሆኑ፤ ስለዚህ የሚጠብቁት 6 እና 9 ደቂቃ ብቻ ነው። በድምሩ 48 ደቂቃ አተረፉ። ከእነርሱ በኋላ የቀሩት 8 ቡድኖች ግን እያንዳንዳቸው 6 ደቂቃ ዘገዩ፤ ይህም 48 ደቂቃ ነው። የተረፈው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከሌላው የተወሰደ ነው።

የጠራቸው ወዳጅ ደግሞ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልከፈለም። ለራሱ ለጋስ የመሰለው ሰው የሰጠው የራሱን ሳይሆን ከኋላው ያሉትን ጊዜ ነው። ቦታውን ለቅቆ ራሱ ወደ መጨረሻ ቢሄድ ኖሮ ግን ስጦታው የእርሱ በሆነ ነበር። ከዚህ አንድ ደንብ ይወጣል፦ ተራን መልቀቅ የሚችለው በመልቀቁ የሚጎዳው ሰው ነው።

ይህ ደንብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዕቁብ ተራ የሚወሰነው በዕጣ ነው። አንድ አባል ችግር ሲገጥመው ዕጣው የደረሰው ሰው ሊለቅለት ይችላል፤ ነገር ግን የሚለቀው የራሱን ዕጣ ነው፤ መልቀቁም በአባላቱ ፊት ይሆናል። ማንም የሌላውን ዕጣ ለወዳጁ አይሰጥም። ዕቁብ የሚጸናው ርኅራኄን በመከልከል ሳይሆን ርኅራኄው ከማን ኪስ እንደሚወጣ ግልጽ በማድረግ ነው።

5. ሁለት የቅድሚያ ሚዛኖች

በአገራችን ቅድሚያ የሚሰጠው በአመጣጥ ቅደም ተከተል ብቻ አይደለም። ለአረጋዊ መነሣት፣ ነፍሰ ጡርንና ሕፃን ያዘለች እናትን ማስቀደም፣ እንግዳን ማክበር የኖሩ ደንቦች ናቸው። ቡና ሲቀዳም የመጀመሪያው ሲኒ ለታላቅ ይሰጣል። ስለዚህ በሰልፍ ውስጥ ሁለት ሚዛኖች ይገናኛሉ፤ የመምጣት ሚዛንና የክብር ሚዛን። ብዙ ጊዜ ብልግና የሚመስለው ድርጊት የእነዚህ ሚዛኖች ግጭት ነው። አንዱ ጎብኚ እናቱን ይዞ ወደ ፊት ሲያልፍ ወግ መፈጸሙ ነው፤ ከኋላው የቆመው ግን ከእናቲቱ ጋር አብረው ያለፉትን ስድስት ጎልማሶች ይቆጥራል።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ፈተና ታይቷል። የዲዝኒ መዝናኛ ፓርኮች ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጡት የቅድሚያ አገልግሎት ያለአግባብ ጥቅም ላይ በመዋሉ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2013 አሠራሩን ለውጧል። ቅድሚያው የተገባ ነበር፤ ወሰኑ ግን አልጠራም ነበር። ወሰኑ ያልጠራ ቅድሚያ በመጨረሻ የሚጎዳው በእውነት የሚያስፈልገውን ሰው ነው።

የክብር እንግዳን ከሰልፍ ፊት ማስገባትም ከዚሁ ጋር ይታያል። እንግዳን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሳይነገር በሰልፈኞች ፊት ሲፈጸም ለቆመው ሁሉ ተራ ዋጋ እንደሌለው ያስተምራል። ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳብራራው፣ ያልተነገረ፣ ያልታወቀና ፍትሐዊ ያልሆነ ጥበቃ ከእውነተኛው ርዝመቱ ይልቅ የረዘመ ይመስላል።

6. ለካፋ የሚሆን አሠራር

የካፋ ማኅበረሰብ የማይታይ ወሰንን የማክበር ልምድ አለው። በኮቦ ልማድ መሠረት የጫካ ክፍል ለቀፎ መስቀያና ለሌሎች የደን ምርቶች በባለ ይዞታ ይታወቃል። አጥር የለውም፤ የሚጠብቀው ጎረቤት የማን መሆኑን ማወቁ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 የጋራ ሀብትን ለዘለቄታው ያቆዩ ማኅበረሰቦችን ስታጠና ያገኘቻቸው ባሕርያት፣ ማለትም የጠራ ወሰን፣ ለተጠቃሚው ተጠያቂ የሆነ ተቆጣጣሪና ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ቅጣት፣ እዚህም ይሠራሉ። ጎብኚው ግን የአካባቢውን ዕውቀት ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ጎረቤት በልቡ የሚያውቀው ለእንግዳው በዓይኑ ሊታየው ይገባል። ከዚህ በመነሣት አራት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የሰልፉ መጀመሪያና መጨረሻ በእንጨት ወይም በቀርከሃ ይለይ፤ በዛፉ ዙሪያም የማይታለፍ ክብ ይኑር። ምልክቱ በካፊኖኖና በአማርኛ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ አንድ ቡድን በመመልከቻው የሚቆይበት ጊዜና በአንድ ጊዜ የሚገባው የሰው ቁጥር አስቀድሞ ይነገር።

ሦስተኛ፣ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሰዎችና አብሯቸው የሚያልፈው ደጋፊ ቁጥር በግልጽ ይጻፍ። ለክብር እንግዶች ሰልፍ የሌለበት ሰዓት ይመደብ እንጂ በመሃል አይግቡ።

አራተኛ፣ በበዓልና በሚበዛበት ቀን ከአካባቢው አስጎብኚ ወጣቶች መካከል ተራ አስከባሪ ይሰየም። ሥራው ማመናጨቅ አይደለም። «ይቅርታ እናቴ፣ ሰልፉ ከወዲያ ነው የሚጀምረው» የሚል ቃል ዘላዩን ሳያዋርድ ይመልሰዋል፤ ከኋላ የቆመውንም ከጠበኝነት ስም ያድነዋል። ማስታወስ ካልበቃ ወደ መጨረሻ መመለስ፣ እርሱም ካልበቃ ጉብኝቱን መከልከል ይከተላል።

7. ለቀጣይ ጥናት

ከላይ የቀረበው መከራከሪያ በመስክ ሊፈተን ይችላል። የጥናቱ መለኪያ አሐድ ግለሰቡ ሳይሆን ሰልፉ መሆን አለበት። ተመልካቹ በእያንዳንዱ ሰልፍ ምን ያህል ጊዜ ተራ እንደተዘለለ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ተቃዋሚው ከፊት ወይም ከኋላ እንደነበረ፣ ዘላዩ በወዳጅ ተጠርቶ ወይም በራሱ እንደገባ፣ ስንት ሰውም ከመንገዱ ወጥቶ እንደረገጠ ይመዘግባል። ምልክት የተደረገባቸውና ያልተደረገባቸው ቀናት ቢፈራረቁ ንጽጽሩ ይጠናከራል፤ የበዓል ቀናት ግን ለብቻ ይተንተኑ። መላ ምቱ፣ ምልክት ባለበት ቀን ዝላዩ ይቀንሳል፣ ከኋላ ያለው ሰው ተቃውሞም ይጨምራል የሚል ነው። ዝላዩ ካልቀነሰ መከራከሪያው መከለስ አለበት።

በሚልግራም መንገድ ሆን ብሎ ሰልፍ መግባት ግን በበዓል ስፍራ የሚመከር አይደለም፤ ለበዓሉ ባለቤቶች ክብር የለውም፤ ጠብም ሊያስነሣ ይችላል። ምልከታው በአካባቢው አስተዳደርና በሽማግሌዎች ፈቃድ፣ ስምና ፊት ሳይመዘገብ ቢካሄድ ይበቃል።

8. ማጠቃለያ

ጎብኚን በጅምላ ባለጌ ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው፤ የሚያስገኘው መፍትሔ ግን የለም። ተራ በሚታይበት ቦታ ይሉኝታ ለማይተዋወቁ ሰዎችም ይሠራል፤ በማይታይበት ቦታ ጨዋውም ይጋፋል። በካፋ ያለው የጉብኝት ሀብት ጥቂትና በቀላሉ የሚጎዳ ነው። ስለዚህ የጎብኚው ቁጥር ከመብዛቱ በፊት የሰልፉ መጀመሪያ የት እንደሆነ መወሰን ዛፉንም፣ እንግዳውንም፣ አስተናጋጁንም መጠበቅ ነው።