ምዕራፍ ስምንት፦ የገጽ ዕቁብ

ዲላ ውስጥ ልብ ወለድ የጀመረ ሰው ፈልጎ ማግኘት አይቸግርም። አንዱ መምህር ነው፤ አንዷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ሌላው የቡና ነጋዴ ሒሳብ ይይዛል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የቆመ ደብተር በየመሳቢያው ተቀምጧል። የጨረሰ ሰው አምጡ ሲባል ነው ነገሩ የሚከብደው። ይህ የዲላ ብቻ ችግር አይደለም፤ ሐዋሳም፣ ደብረ ማርቆስም፣ አዲስ አበባም ያው ነው።

ለምን እንደቆመ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ጊዜ አጣሁ ይላሉ። አይዋሹም። ነገር ግን በዓሉ ግርማም ትርፍ ጊዜ የነበረው ሰው አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. ከወጣው «ከአድማስ ባሻገር» አንሥቶ እስከ 1975ቱ «ኦሮማይ» ድረስ ስድስት ልብ ወለዶች ያሳተመው መጽሔትና ጋዜጣ እያዘጋጀ፣ ኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር በኃላፊነት እየሠራ ነው። ጋዜጠኛ ከሌላው ጸሐፊ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ ማተሚያ ቤት የሚጠብቅበት ቀን አለው። ስሜቱ መጣም አልመጣም ቀኑ ሲደርስ ጽሑፍ ማስረከብ እጁ ለምዷል።

እርስዎንስ ማን ይጠብቅዎታል? የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት አለቃ ይጠይቃል። የተማሪዎቹን ውጤት ርዕሰ መምህሩ ይጠይቃል። ብድሩን ባንክ ይጠይቃል። ልብ ወለዱን የሚጠይቅ የለም፤ ቢዘገይ የሚቆጣ፣ ቢቀር የሚቀየም የለም። ጠያቂ የሌለው ሥራ ጠያቂ ላለው ሥራ ቦታውን ሲለቅ ይኖራል።

በገንዘብ በኩል ይህን ችግር ከፈታነው ቆይተናል። ብቻውን መቆጠብ ያቃተው ሰው ዕቁብ ይገባል። ዕቁብ ምክር አይሰጥም፤ ጸባይም አያርምም። ቀኑ ሲደርስ ዳኛው ይጠብቃል፣ ጸሐፊው መዝገብ ይዘረጋል፤ ገንዘቡ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። «ለሚቀጥለው በደንብ አስቤበታለሁ» ብሎ ድርሻውን የከፈለ ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም። የዚህ ምዕራፍ ምክር ለልብ ወለድዎም እንዲህ ያለ ዕቁብ ይግቡ የሚል ነው። ሦስት ወይም አራት ሆነው በሳምንት አንድ ቀን ይገናኙ፤ የሚቆጠረውም የተጻፈ ገጽ ብቻ ይሁን።

መዝገብን ለሰው ማሳየት

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቦይስ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. 27 የዩኒቨርሲቲ መምህራንን በሦስት ቡድን ከፍሎ ሲጽፉ ተከታተላቸው። የመጀመሪያዎቹ እንደ ልማዳቸው ጊዜ ሲገኝ ብቻ ጻፉ፤ በዓመቱ በአማካይ 17 ገጽ ሆነላቸው። ሁለተኛዎቹ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጻፉ የጻፉትን መዘገቡ፤ 64 ገጽ ደረሱ። ሦስተኛዎቹም እንደነዚያው በየቀኑ ጽፈው መዘገቡ፤ ጭማሪያቸው ለጻፉት ሥራ በየሳምንቱ ለሌላ ሰው መልስ መስጠታቸው ነው። እነርሱ 157 ገጽ ጻፉ።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተጻፈውም የምርምር ጽሑፍ እንጂ ልብ ወለድ አልነበረም። ሰፋ ያለው ማስረጃ በ2016 እ.ኤ.አ. መጣ። ቤንጃሚን ሃርኪንና ባልደረቦቹ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 138 ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ግቡ ላይ ምን ያህል እንደተራመደ የሚከታተል ሰው ግቡን የመምታት ዕድሉ ከፍ ይላል። ክትትሉ በጽሑፍ ሲሰፍር ወይም ለሌሎች ሲነገር ደግሞ ጥቅሙ ይጨምራል።

እንግዲያውስ ለአገር ምድሩ ልንገር የሚል ሰው ግን ይጠንቀቅ። ፒተር ጎልቪትዘርና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ «እንዲህ ያለ ባለሙያ እሆናለሁ» የሚል ሐሳባቸውን ሌላ ሰው ያወቀላቸው ተሳታፊዎች ሐሳባቸው ካልታወቀላቸው ያነሰ ሠርተው ተገኝተዋል። ሙገሳው ቀድሞ ስለሚደርስ የሆኑ ያህል ይሰማቸዋል። ሁለቱ ግኝቶች አይጋጩም። በሠርግ ቤት «ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው» ማለት ገና ላልተሠራ ሥራ ምስጋና መቀበል ነው። ለሦስት ሰዎች «በዚህ ሳምንት አራት ገጽ ጻፍኩ» ለማለት ግን አራቱ ገጾች መኖር አለባቸው።

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ መዝገብ

የሳምንት መዝገብን በልብ ወለድ ሥራ ላይ ማን እንዲህ ተጠቀመበት ከተባለ አንቶኒ ትሮሎፕ ይጠቀሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ነው፤ ብዙ ዘመኑን የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ከሞተ በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. በታተመው የሕይወት ታሪኩ አሠራሩን ሳይደብቅ ነግሮናል። አዲስ መጽሐፍ ሲጀምር በሳምንታት የተከፋፈለ ማስታወሻ ያዘጋጃል፤ በየዕለቱ ስንት ገጽ እንደጻፈ እዚያ ያሰፍራል። የሳምንቱ ድርሻ በአማካይ 40 ገጽ ነበር፤ አንዱ ገጽ 250 ቃል ነው። ሥራ ሲበዛበት ወደ 20 ዝቅ አድርጎታል፤ አንዳንዴም 112 ደርሷል። የሰነፈበት ቀን ባዶውን ሆኖ ከማስታወሻው ላይ ያፈጥበታል።

ከመዝገቡ ሌላ አንድ ሰው ነበረው። ትሮሎፕ ንጋት 11፡30 ላይ ጠረጴዛው ዘንድ መገኘት ስለነበረበት፣ ቡና ይዞ እንዲቀሰቅሰው ለሽማግሌ ባልደራሱ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። ሽማግሌው አንድም ቀን አልዘገየም። ትሮሎፕም ለስኬቱ ከማንም ይልቅ የዚያ ሰው ባለዕዳ እንደሆነ ጽፏል። ባልደራሱ ስለ ድርሰት አስተያየት እንዲሰጥ አልተቀጠረም፤ ሥራው ሰዓቱን ጠብቆ ቡናውን ማድረስ ነበር። ለገጽ ዕቁብዎ ሰው ሲመርጡ ይህን ያስቡ። ብዙ ቢያነብም ከሚቀር ሰው ይልቅ፣ ትንሽ ያነበበ ግን ሳያጓድል የሚመጣ ይሻላል።

ከአቦል እስከ በረካ

ቡና ዲላ ላይ አይጠፋም። ስለዚህ ስብሰባውን በጀበናው ይለኩት። እሁድ ከሰዓት፣ ሙዚቃ የማይጮህበት አንድ ጀበና ቡና ቤት፣ ወይም የአንዳችሁ በረንዳ ይበቃል።

አቦል ሲቀዳ ሪፖርት ይቀርባል። እያንዳንዱ ሰው ደብተሩን ይከፍትና ያነባል። አንድ ገጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሰኞ፦ 1 ገጽ
ማክሰኞ፦ የለም፤ መብራት ጠፋ
ረቡዕ፦ ግማሽ ገጽ
ሐሙስ፦ 1 ገጽ
ዓርብ፦ የለም
ቅዳሜ፦ 2 ገጽ ተኩል
ድምር፦ 5። የታቀደው 6 ነበር።

ይኸው ነው። ዓርብ ለምን ባዶ እንደሆነ ማብራሪያ አይጠየቅም፤ ቢሰጥም አይሰማም። ምክንያት መደርደር ከተፈቀደ ስብሰባው በሦስተኛው ሳምንት የኑሮ ውድነት ወሬ ይሆናል። የጎደለው አንድ ገጽም ለሚቀጥለው ሳምንት ዕዳ ሆኖ አይተላለፍ። ዕዳው ሲከማች ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው መቅረት ነው። ባዶ ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ወንበር ይሳብለት፣ ቡናውም ይቀዳለት።

ቶና ላይ በተራ አንድ ሰው ብቻ ከጻፈው ሁለት ገጽ ያነባል። ሁሉም ካነበበ ጀንበር ትጠልቃለች።

በረካ ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ድርሻ ይነገራል፤ የዕለቱ ጸሐፊም ይመዘግባል። ድርሻው ቁጥርና አንድ ክስተት ይኑረው፦ «5 ገጽ፤ አያትየው ደብዳቤውን ያገኛል።» «ምዕራፉን አሻሽላለሁ» የሚል ድርሻ አይመዝገብ፤ እሁድ ሲመጣ መፈጸሙን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ለጌዴኦ ጸሐፊዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተሰበሰቡት አንዱ በጌዴኡፋ፣ ሌላው በአማርኛ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ለመለያየት ምክንያት አይሁን። ገጽ በየትኛውም ቋንቋ ይቆጠራል፤ ሪፖርቱን ለመስማት ድርሰቱን ማንበብ ግድ አይደለም። ገደብ ወይም ቡሌ ያለ አባል መንገድ ሲከለክለው ደብተሩን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይላክ፤ ኔትወርክ ከደከመ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ቁጥሩን ያደርሳል።

በቡና ወር ድርሻን መቀነስ

ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው የተዘጋጀው ለሌላ አገር ሰው ስለሆነ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ክሪስ ባቲ የተባለ አሜሪካዊ ከ20 ገደማ ጓደኞቹ ጋር በአንድ ወር 50,000 ቃል የመጻፍ ውድድር ጀመረ፤ ውድድሩ በኋላ ዓለምን አዳርሷል። ወሩ ኅዳር እንዲሆን ተደረገ፤ በቀን 1,667 ቃል ይመጣል። ይርጋጨፌ ላለ ሰው ግን ኅዳር ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጌዴኦ ቡና ይለቅማል። የቀላ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ አድሮ ከሞቀ ጥራቱ ይወርዳል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው መልክዓ ምድር ውስጥ ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ጓሮ፣ ከመኖሪያ ቤት ጋር ነው ያለው። ስለዚህ ለቀማው ቤተሰቡን በሙሉ ይጠራል። መምህሩም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቅርጫት ያነሣል፤ ሒሳብ ያዡም ሚዛን ቤት ያመሻል። በእነዚህ ወራት በሳምንት አምስት ገጽ ማቀድ ራስን ለውድቀት ማዘጋጀት ነው። አንድ ገጽ ያቅዱ። ትሮሎፕም ከ40 ወደ 20 ወርዷል። ድርሻው ይነስ እንጂ ቀኑ አይታጠፍ፤ የታጠፈ እሁድ ሌላ እሁድ ያስከትላል።

ትንሽ ድርሻ የት እንደሚያደርስ የነቢይ መኮንን ታሪክ ይናገራል። ኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የሆነው ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ግዙፍ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰ። ወረቀት አልነበረውም። የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ላይ ነው፤ 3,000 ያህል ቁራጭ ፈጅቷል። ቁራጮቹ በሲጋራ ፓኬት ተደብቀው ወጡ፤ ኋላም ተሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለው መጽሐፍ ሆኑ። አንዷ ቁራጭ ከመዳፍ አትበልጥም፤ መጽሐፉ ግን በእርሷ ልክ ተጽፎ አለቀ።

ማንበብ ሲጀመር

ቶና ላይ የሚነበበው ገጽ ዕቁቡን ሊያጠነክረውም ሊበትነውም ይችላል። በኦክስፎርድ ጄ. አር. አር. ቶልኪንና ሲ. ኤስ. ሉዊስ ያሉበት የጸሐፊዎች ማኅበር ሐሙስ ማታ እየተሰበሰበ ያልታተመ ሥራ ይነበብበት ነበር። ቶልኪን በ1937 እ.ኤ.አ. የጀመረው ትልቁ ልብ ወለዱ የታተመው ከ1954 እስከ 1955 ነው። ሉዊስ ቀጣዩን ለመስማት ባይጓጓና ባይወተውተው ኖሮ እንደማይጨርሰው ቶልኪን ራሱ ጽፏል። በዚያው ማኅበር ግን ሂዩጎ ዳይሰን የሚባል አባል የቶልኪንን ንባብ አልወደደውም፤ ማጉረምረሙም ስለበዛ ቶልኪን እርሱ ባለበት ማንበቡን ተወ። አንድ ጓጊ መጽሐፉን አስጨረሰው፤ አንድ ተነጫናጭ ንባቡን አስቆመው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ረቂቅ እስኪያልቅ አድማጮች ሁለት ጥያቄ ብቻ ይመልሱ፦ የት ላይ ጆሮዬ ነቃ? ቀጥሎ ምን ማወቅ ፈለግሁ? የሰዋስው እርማት፣ የፊደል ግድፈት፣ «መጨረሻውን እንዲህ ብታደርጊው» የሚል ምክር ረቂቁ ሲያልቅ ይደርሳል። ያን ጊዜም ጸሐፊዋ ስትጠይቅ ይሁን።

የዚህ ሳምንት ሥራ

1. የተጀመረ ጽሑፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ስም ይጻፉ። ችሎታቸውን ሳይሆን ቀጠሮ አክባሪነታቸውን ይመዝኑ። እስከ ረቡዕ ድረስ ደውለው ይጠይቋቸው።

2. ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይቁረጡ። ለስምንት ሳምንት ብቻ ይስማሙ፤ ሲያልቅ ለመቀጠል ወይም ለመለያየት ይወስናሉ። ማብቂያ ያለው ቃል ለመስጠትም ለመጠበቅም ይቀላል።

3. ደብተርዎ ላይ ሰባት መስመር ያስምሩና የቀናቱን ስም ይጻፉ። ባዶ ቀን «የለም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ አይዘለል።

4. እችለዋለሁ ብለው ያሰቡትን የገጽ ብዛት በግማሽ ይቁረጡ። የመጀመሪያው ሳምንት ድርሻዎ ያ ግማሽ ነው።

5. እሁድ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። ገጽ ባይኖረውም ይሂዱ።