የላስቲክ ቤት የሚሞቀው ለምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት የግብርና ክበባችን በተቋሙ ጓሮ የላስቲክ ቤት ሠርቶ ቲማቲም መትከሉን አንባቢዎቻችን ታስታውሳላችሁ። ችግኙ ተመንድጎ አደገ፤ አበባውም በጊዜው ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን አበባው ከነአንገቱ እየተቀነጠሰ መሬት ላይ ረገፈ። ከአጥሩ ወዲያ ያለ ምንም መጠለያ የተተከለው የዘበኞቹ ቲማቲም ሲያፈራ የኛው ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። አንዳንዱ ውሃ አንሶት ነው አለ፤ አንዳንዱ ማዳበሪያ፤ የሰው ዓይን በላው ያለም አልጠፋም። ጥፋቱ ግን የኛው ነበር፤ የመጣውም ከመማሪያ ክፍል ነው።

ሁላችንም የተማርነው እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን በመስተዋቱ አልፎ ይገባል፤ አፈሩን ያሞቃል፤ አፈሩ መልሶ የሚለቀው የሙቀት ጨረር ግን መስተዋቱን አልፎ መውጣት ስለማይችል ሙቀቱ ይታሰራል። ይህን አምነን፣ ያሰርነው ሙቀት እንዳያመልጥ በሩን ቀንም ሌሊትም ጥርቅም አድርገን ዘጋን።

ሮበርት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1909 ይህን አባባል ለመፈተን ሁለት ጥቁር የካርቶን ሣጥኖች ሠርቶ ነበር። አንዱን በመስተዋት ከደነው። ሌላውን የከደነው ደግሞ የሙቀት ጨረርን እንደልቡ በሚያሳልፍ ጥርት ያለ የድንጋይ ጨው ነው፤ የአሞሌያችን ዘመድ መሆኑ ነው። የተማርነው ነገር ሙሉ በሙሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ባለጨው ሣጥን በብዙ ዲግሪ መቀዝቀዝ ነበረበት። የፀሐዩን ብርሃን አስቀድሞ በሌላ መስተዋት አሳልፎ ሲለካቸው ግን ሁለቱም 55 ዲግሪ ገደማ ደረሱ፤ ልዩነታቸው አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም ነበር። እስቲ እናስበው፤ ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? አየሩን መዝጋታቸው ነው። ሜዳ ላይ በአፈሩ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይተካዋል። ክዳን ሲኖር ይህ ልውውጥ ይቋረጣል።

እርግጥ የዉድ ሙከራ ቀላል ሙከራ ነው፤ መስተዋት ጨረሩን በማገድም የራሱ ድርሻ አለው። ተራው ላስቲክ፣ ማለትም ፖሊኢትሊን፣ ግን አብዛኛውን የሙቀት ጨረር ያሳልፋል። (የምድር መሞቅ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሌሎች ጋዞች ጨረሩን በእርግጥ ስለሚያስቀሩ፣ ከዚህ ተነሥታችሁ ተማሪ እንዳታሳስቱ።)

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለደጋ ሰው ከባድ ነው። ቀን ላስቲኩ አየሩን ስለሚያፍን ቤቱ ምድጃ ይሆናል፤ በኛው ቤት ቀትር ላይ የሰቀልነው ቴርሞሜትር ከ40 ዲግሪ በላይ አሳይቷል። ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ሲጠፋ ሙቀቱ በላስቲኩ አልፎ ይሄዳል። እንዲያውም ውስጡ ከውጭው ብሶ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አለ፤ ውጭው ከአካባቢው አየር ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ውስጡ ያንንም አያገኝምና። ለዚህ ርካሹ መድኃኒት ውሃ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ አንድ ጀሪካን አንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት ከ60 ሜትር ኩብ የሚበልጥ አየር አንድ ዲግሪ ያሞቃል። ጥቁር ቀለም ቀብቶ ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል መደርደር ነው።

ታዲያ አበባው ለምን ረገፈ? ፍሪትስ ዌንት የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራውን እ.ኤ.አ. በ1944 ሲያሳትም፣ ቲማቲም ፍሬ በደንብ የሚይዘው የሌሊቱ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው ብሏል። ቀን ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የአበባው ዱቄት ይበላሻል። እኛ በሁለቱም በኩል ገደሉን ዘለልነው።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር። የቲማቲም አበባ ዱቄቱን የሚለቀው ሲነቀነቅ ነው። ሜዳ ላይ ነፋስ ይነቀንቀዋል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ማን ይነቅንቀው? አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ለዚሁ ሥራ ባምብልቢ የሚባለውን ጠጉራም ትልቅ ንብ አርብተው ይለቁበታል። ይህ ንብ በተፈጥሮው ከሰሐራ በታች ስለሌለ፣ ጠዋት ጠዋት አበባው ሲፈካ የታሰረበትን ሲባጎ በእንጨት ቸብ ቸብ ማድረግ የኛ ፈንታ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን እንደ ጨዋታ ይዘውታል።

ለመሆኑ የተዘጋ ቤት ያስፈልገናል ወይ? ክበባችን በዚህ ላይ ብዙ ተከራክሯል። በክረምት የቲማቲም ጠላት ብርዱ ብቻ አይደለም። ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀው፣ ብዙዎች ምች የሚሉት በሽታ የሚራባው በእርጥብ ቅጠል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ታይዋን ውስጥ የተቋቋመው የዓለም አትክልት ማዕከል ለዝናብ ወራት ቲማቲም የሚመክረው የዝናብ ዳስ ነው፤ ጣሪያው ላስቲክ፣ ጎኑ ክፍት። ቅጠሉ ይደርቃል፣ አየሩም አይታፈንም። ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ በሚበዛበት ቦታ ጎኑን በጥቅጥቅ መረብ መጋረድ ይቻላል፤ ነገር ግን መረቡ በጠበበ ቁጥር አየሩም ያንኑ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ የመስኮቱን ስፋት መጨመር ግድ ነው። እንደ ልማዱ መስኮቱ ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ማነስ የለበትም፤ ከፊሉም ከጣሪያው አናት ላይ ይሁን።

ወጪውን በሚመለከት፣ ኤመርት የተባለው የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያውን የላስቲክ ቤት የሠራው ለመስተዋት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ነው። የኛም ማገር ባሕር ዛፍ ነው። ግን ከገበያ የሚገዛው ተራ ላስቲክ በፀሐይ በጥቂት ወራት ተሰነጣጥቆ ያልቃል፤ ፀሐይ እንዲችል ተብሎ የተሠራው ወፍራሙ ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል። የወላጆች መዋጮ ለምትሰበስቡ እጩ መምህራን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አሁን የቤታችንን ሁለት ጎን ቆርጠን እንደ መጋረጃ የሚጠቀለል አድርገነዋል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት የሚከፍት፣ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚዘጋ፣ ሲባጎውንም የሚመታ የተረኞች ስም ዝርዝር ከዚህ ሰሌዳ ግርጌ ተለጥፏል። የሐሙስ ጠዋቱ ቦታ ገና ባዶ ነው።