ልጁን ከመምከሬ በፊት

ደውለህ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ከእጄ ወጣ፤ እስቲ እርስዎ ይምከሩልኝ» አልከኝ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ እናቱን ያመናጭቃል፣ ስልኩን ይዞ ያነጋል። እመክረዋለሁ። ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ዩኒት ሊደር ሆኜ «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ስል ኖሬአለሁና ልጁ ይዞት የሚመጣውን ወላጅ ማየት ለምጃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ካንተ ጋር እንጨርስ። ቁጥር የሰጠሁት «አምስተኛው ላይ አልስማማም» ብለህ ለመሟገት እንዲመችህ ነው።

1. ስትቀጣው የምትቀጣው ስለ ጥፋቱ ነው ወይስ ስለ ውሎህ? ማክሰኞ አምሽቶ ሲገባ ዝም አልከው። ሐሙስ በዚያው ሰዓት ሲገባ ቀበቶህን ፈታህ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ሐሙስ ዕለት ግን አበዳሪ ሲደውልልህ ውሎ ነበር። ልጅ ይህን ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ቁልፍህን ስታዞር፣ ጫማህን ስታወልቅ፣ «እራት የለም እንዴ?» ስትል ድምፅህን ሰምቶ ዛሬ የገባው የትኛው አባት እንደሆነ ይለያል። እንዲህ ያደገ ልጅ ሰዓት ማክበርን አይማርም። የሚማረው ፊት ማንበብን ነው፤ ፊትህ ሲጠቁር ይሰወራል፣ ሲፈካ ያሻውን ያደርጋል። እኔ ቢሮ ከመጡት ልጆች አስቸጋሪዎቹ በጣም የተቀጡት ብቻ አልነበሩም። መቼ እንደሚቀጡ የማያውቁትም ነበሩ።

2. የማትጨርሰውን ትእዛዝ አትጀምር። ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ኦሪገን ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሰው ቤት እየገቡ፣ ወላጅና ልጅ ሲጨቃጨቁ ነገሩ እንዴት ተጀምሮ እንዴት እንደሚያልቅ በዝርዝር ይመዘግቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው መጽሐፍ ያንተን ሳሎን ያየ ሰው የጻፈው ይመስላል። «ስልኩን አስቀምጥና ደብተርህን ያዝ» ትለዋለህ። «ቆይ» ይላል። ትደግማለህ። ይጮሃል፣ በሩን ያላትመዋል። ደክሞሃልና «እንደፈለግህ ሁን!» ብለህ ትተወዋለህ። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሁለታችሁም እፎይ ትላላችሁ። ጣጣው ያለው እዚያ እፎይታ ውስጥ ነው። እሱ መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ፤ አንተ መተው እንደሚያሳርፍ ተማርክ። በሚቀጥለው ጊዜ ከፍ አድርጎ ይጀምራል። አንድ ቀን ደግሞ ብሶህ ከሱ በላይ ጮኸህ፣ መትተህም ታሸንፋለህ፤ ያኔ ጉልበተኛ እንደሚያሸንፍ ትማራላችሁ።

ይህን የተካነ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ በመምህሩም በእኩዮቹም ላይ ይሞክረዋል። መምህሩ ያስወጣዋል፤ ጨዋዎቹ ልጆች ይሸሹታል፤ የሚቀሩለት እንደሱ ከየቦታው የተገፉት ናቸው። «ጓደኛ ነው ያበላሸብኝ» የሚል ወላጅ ስንቱን አስተናግጃለሁ! ብዙ ጊዜ ጓደኛው የመጣው ኋላ ነው።

ስለዚህ ከኩሽና ሆነህ አትጩህበት። አጠገቡ ሂድ፣ ስሙን ጥራ፣ አንድ ጊዜ ተናገር፣ እስኪያደርገው እዚያው ቁም። ለመቆም አቅም ከሌለህ ያን ማታ ተወው፤ ሳትጀምር መተውና ጀምሮ መሸነፍ አንድ አይደሉም።

3. «ኑሮው ነው ልጁን ያበላሸው» ትላለህ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የአዮዋ ገበሬዎች ላይ ክፉ ዘመን መጥቶ ነበር። በብድር የገዙት መሬት ዋጋው ወደቀ፣ ወለዱ ከበዳቸው፣ ብዙዎች ከአባት የወረሱትን እርሻ አጡ። ራንድ ኮንገርና ግሌን ኤልደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ሰባተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላቸውን 451 ቤተሰቦች ተከታተሉ። የገንዘቡ ችግር በአብዛኛው በቀጥታ ልጁ ላይ አላረፈም። መጀመሪያ ያረፈው በእናትና በአባት መንፈስ ላይ ነበር። ከዚያ ባልና ሚስት መነቋቆር ጀመሩ፤ ከዚያ የልጅ አያያዛቸው ሻከረ፤ የልጁ ጠባይ የከፋው መጨረሻ ላይ ነው። ለኔ ይህ የሚያጽናና ወሬ ነው። የቤት ኪራይ እስኪቀንስ ብንጠብቅ ልጁ ያገባል፤ መንገዱን መሃል ላይ መቁረጥ ግን ይቻላል።

4. ይህኛውን ረጋ ብለህ አንብበው። ሚስትህ የነገረችኝ ነገር አለ፤ አትቆጣት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃለህ፣ መብራት ሳታበራ ሶፋው ላይ ትቀመጣለህ፣ ጠዋት እህል አያሰኝህም። ዕድር ቀርተሃል። ኳስ እንኳ ማየት ትተሃል። ቢራ ግን ጨምረሃል። በየምክንያቱ ትበሳጫለህ፣ ከዚያ «እኔ ለምንም አልረባም» ትላለህ።

ድባቴ ሲባል ጥግ ይዛ የምታለቅስ ሴት ብቻ ትታይሃለች። ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ በቁጣ ነው የሚወጣው። ጎረቤት «ኃይለኛ ሰው ነው» ይለዋል፤ ሰውየው ግን ታሞ ነው። አንድ አባት ቢሮዬ ገብቶ ልጁን ሊገርፍ ቀበቶውን መዘዘና እጁ ላይ ጠቅልሎ ቆመ። ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «እባክህ መጀመሪያ ቁጭ በል» አልኩት። ቁጭ አለ፣ ቀበቶውን ጉልበቱ ላይ አኖረ፣ ከዚያ «መምህር፣ እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ» አለኝ። ስለ ልጁ ያወራነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ብዙ አላወራንም።

እንዲህ ያለው ስሜት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቀን ቀን ካልለቀቀህ ባለሙያ ይይህ። የአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚሰጡ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። «አማኑኤል ሄደ» መባልን ትፈራለህ፣ አውቃለሁ። ሰው እዚያ ሄዶ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ሥራው የሚመለስበት ቦታ መሆኑን ሠፈሩ ገና አልሰማም። መድኃኒት ከታዘዘልህ እስኪይዝ ሳምንታት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለህ አትጣለው፣ ሲሻልህም ሳታማክር አታቋርጠው። ጸበሉን አትተው፤ ጸበል ስትገባ ግን መድኃኒቱን አታቁም። ያመነ ሰው ሁለቱን ይዞ ሲድን አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ጋር ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሳምንት የለም፤ ዛሬውኑ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ለኔም ደውል።

«እኔ ብታከም ልጁ ምን ይጠቀማል?» ካልክ፣ ሚርና ዋይስማን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው ጥናት አለ። በድባቴ የታመሙ 151 እናቶች ታከሙ፤ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆቻቸውም ተመረመሩ። ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ፣ እናታቸው ከዳነችላቸውና መጀመሪያ ሕመም ወይም የጠባይ ችግር ከነበረባቸው ልጆች 33 በመቶው ድነዋል። እናታቸው ካልዳነችው ግን 12 በመቶው ብቻ። ጥናቱ ያከመው እናቶቹን ነው እንጂ ልጆቹን አይደለም። የአባቶችን አላዩም፤ እኔ ግን ቢሮዬ ካየሁት ተነሥቼ አባትም ከዚህ አይርቅም ባይ ነኝ።

5. ዱላ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ትለኛለህ፤ እኔም ይህን ስሰማ ነው ያደግኩት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ይጠብቀዋል። ቤት ውስጥ ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለወላጅ «ተገቢ» የሆነ የማረም መብት ትቶለታል። ስለዚህ ልክ ካላለፍክ ሕጉ በርህ ላይ ይቆማል፤ የቀረውን ለኅሊናህ ነው የተወው። ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮገን ኬይለር የሃምሳ ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል፤ ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የሚመለከቱ ናቸው። ቂጣቸውን ወይም እጅ እግራቸውን በመዳፍ እየተመቱ የሚቀጡ ልጆች ይበልጥ ታዛዥ ሆነው አልተገኙም፤ ይበልጥ ተማቺና እንቢተኛ ሆነው ነው የተገኙት። እርግጥ አስቸጋሪ ልጅ ዱላም ስለሚበዛበት ከሁለቱ የቱ እንደቀደመ መለየት ያስቸግራል። ዱላ ልጅ ያቀናል የሚለው ወገን ግን ከዚያ ሁሉ ጥናት መሃል ብዙም የሚይዘው አላገኘም።

«እኛስ በኩርኩምና በበርበሬ ጭስ አድገን ሰው ሆነን የለ?» ትላለህ። ሆነናል። ግን አባትህ ሲገርፍህ የት ነበር የሮጥከው? አያትህ ነጠላ ሥር። ጎረቤት «ለኔ ስትል ማርልኝ» እያለ ይገባ ነበር። ያንተ ልጅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ በሩ ተቆልፏል፣ የሚያማልድ የለም። ዱላው የድሮው ሊሆን ይችላል፤ በዙሪያው የነበረው ሰው ግን የለም።

6. መተውም መድኃኒት አይደለም። ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በርክሊ ላይ ወላጆችን ስታጠና፣ ትእዛዝ ብቻ የሚያውቁ፣ ሁሉን የሚፈቅዱ፣ እንዲሁም ፍቅርና ሕግ አጣምረው የያዙ ብላ ለየቻቸው፤ በጎ ውጤት ያገኘችው ከሦስተኛዎቹ ልጆች ነው። አራተኛውን ዓይነት፣ ፍቅሩም ሕጉም የሌለበትን፣ ማኮቢና ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1983 ጨመሩ። በድባቴ የተያዘ ወላጅ ወደዚህ ወደ አራተኛው ሊንሸራተት ይችላል፤ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን አቅም አጥቶ። ከዚያ ይጸጸትና ስልክ ይገዛል።

ሕጎችህ ጥቂት ይሁኑ። የመግቢያ ሰዓት፣ ጥናት፣ እናቱን አለመሳደብ፣ የት እንዳለ መናገር፤ ይበቃል። ፀጉሩን ተወው። ከእናቱ ጋር ተስማምታችሁ፣ ሰላም ባለበት ቀን፣ ምግብ ላይ ተናገሩት፤ አንዱ ሲከለክል ሌላው በስርቆሽ የሚፈቅድ ከሆነ ልጁ መሃላችሁ ገብቶ ይነግዳል። ቅጣቱ ትንሽ ይሁን፣ ግን አይቅር። «ለወር ስልክ የለም» ብለህ በአራተኛው ቀን ከምትመልስለት፣ ለአንድ ማታ ውሰድበትና ጠዋት ያለምንም ስብከት ስጠው።

7. ስልኩን እየሰረቅህ ቴሌግራሙን አትፈትሽ። ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ከር ስዊድን ውስጥ የ14 ዓመት ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውሎ የሚያውቁት ዋናው ነገር የመጣው ከቁጥጥር አልነበረም፤ ልጁ ራሱ ወዶ ከነገራቸው ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «አባ፣ ሒሳብ ወደቅኩ» ብሎ ሲነግርህ፣ በሚቀጥለው ጠብ ላይ «አንተ ሒሳብ የወደቅክ!» ብለህ አታውጣበት። ሁለተኛ አይነግርህም።

8. ሁሉን በራስህ ላይ አትጫን። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ እሳት የሆነ ልጅ አለ፤ እንዲህ ያለው ልጅ ጤነኛውንም ወላጅ ያደክማል። በድንገት ከተለወጠ ግን፣ መብላት ከተወ፣ ክፍሉ ከተከተተ፣ ስለ ሞት ካወራ፣ ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አይደለም። እሱንም ባለሙያ ጋር ውሰደው።

9. መትተኸው ከሆነ ይቅርታ ጠይቀው። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በኛ ቤት አልተለመደም፤ ይለመድ። አጭር ይሁን፦ «ትናንት መምታቴ ልክ አልነበረም። ሰሞኑን አሞኛል፣ እየታከምኩ ነው፣ የታመምኩት ባንተ ምክንያት አይደለም። ሁለት ሰዓት ግን ሁለት ሰዓት ነው።» ይቅርታው ለምቱ ነው፤ ሕጉ እንዳለ ይቆያል።

10. ገጠር አያቱ ጋር እንላከው ያልከውን አስቤበታለሁ። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችንም ልጅ ሲያስቸግራቸው «ሀገር ቤት ይላክ፣ ይታረም» ይላሉ። በቅጣት የተላከ ልጅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ እንዳልፈለገው። ሲመለስም የሚጠብቀው ያው ቤት ነው፣ አንተም ያው ከሆንክ። ክረምት ላይ ለዕረፍት ከሆነ ሌላ ነው፤ እኔ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ እሱን ጠይቀው፣ የሐኪም ቀጠሮህንም ከዚያ በፊት አስይዝ።