የመንገድ አቧራ ያልነካው እንግዳ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴ ጥፋት ነው። ሙስሊም የራሱን ስህተት በአደባባይ እየዘረዘረ መሄዱ የተወደደ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ይሁንና የበደልኳት እህት የተበደለችው ከአራት መቶ በላይ ሰው እያየ ነው። ይቅርታው ብቻ በጓዳ ቢሆን ፍትሕ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን መስጂድ ወጣቶች ያቋቋሙት የቴሌግራም ጀመዓ አለ። የታመመ የሚነገርበት፣ ጀናዛ የሚታወጅበት፣ ለተቸገረ ሰደቃ የሚሰባሰብበት ነው። ሲጀመር ሠላሳ ያህል ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም በመልክ የምንተዋወቅ። ዛሬ ከአራት መቶ በላይ ነን፤ የግማሹን ማንነት ግን የሚያውቅ የለም። ቦት የሚባሉት፣ ማለትም ሰው መስለው የሚጽፉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ እየገቡ የቁማርና የፈጣን ትርፍ ማስታወቂያ ሲበትኑብን ሰውን ከማሽን የሚለይ ጠባቂ ያስፈልጋል ተባለ። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ዩኒቨርሲቲም ገብተሃል፣ አንተ ተመልከተው» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ባለፈው ረመዳን አጋማሽ ላይ አንድ አዲስ ስም ገባ። ፎቶ የለውም። ስሙም ጥቂት የላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ናቸው። የሚጽፈው ሁልጊዜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነው። መልእክቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድና ያው ነው፤ እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ጠያቂ የላትም፣ ለአላህ ብላችሁ አንድ ሰው ይይልኝ ይላል። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ግማሹ በላቲን ፊደል ተጽፏል። የትኛው ሆስፒታል ነው ብለን ብንጠይቅ መልስ የለም። በማግስቱ ሌሊት ያው መልእክት፣ ያው ቃል፣ ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። በአራተኛው ሌሊት «ይህ ቦት ነው፤ ማንም እንዳይመልስለት» ብዬ ጻፍኩና አስወጣሁት። ብዙ ሰው አመሰገነኝ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ገብቶ ነበር። ይኸኛው ፎቶ አለው። አማርኛው የጠራ፣ ሰላምታው የተሟላ ነው፤ ለታመመ ዱዓ፣ ላዘነ ማጽናኛ፣ ለጠየቀ ማብራሪያ አያጣም። እንዲህ ያለ ወጣት ስለሰጠን አላህን አመስግኜ ነበር። ከዒድ በኋላ ግን ለአንዳንድ አባቶች በግል እየጻፈ ለአንድ «ፕሮጀክት» ገንዘብ እንዲልኩ መጠየቅ ጀመረ። ከእነዚህ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ሐጂ፣ «ልጄ፣ የት መስጂድ ነው የምትሰግደው? ከጎንህስ ማን ይቆማል?» ብለው ጠየቁት። ስለ ጀመዓ ሶላት ትሩፋት ረጅምና ያማረ ትምህርት መለሰላቸው። መስጂዱን ግን አልነገራቸውም። ሐጂ ደግመው ጠየቁ፤ ሌላ ያማረ ትምህርት መጣ። ስልካቸውን ይዘው መጥተው፣ «ይሄ ልጅ ነገሩ ይጥማል፤ ግን ቤት የለውም» አሉኝ። በማግስቱ ስሙም ጽሑፎቹም ከጀመዓው ጠፍተው ነበር።

ሐጂ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። እኔ ስለ ቦት የተጻፈውን ሁሉ አንብቤያለሁ። እርሳቸው አገኙት፤ እኔ ሳትኩት። ለምን?

እኔ የተመለከትኩት አጻጻፉን ነው። ይህ አካሄድ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዳኛው ተናጋሪውን ሳያይ በጽሑፍ ብቻ እየጠየቀ ሰው ይሁን ማሽን እንዲለይ የሚያደርግ ጨዋታ አቅርቦ ነበር። ማሽን ያኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር በወጉ መግጠም የማይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተና ለዘመኑ ማሽኖች አቀረቡ። ጠያቂው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰውና ከአንድ ማሽን ጋር ለአምስት ደቂቃ ይጻጻፍና ሰውየው የቱ እንደሆነ ይፈርዳል። የሰው ጠባይ እንዲላበስ የታዘዘው ጂፒቲ 4.5 የተባለው ማሽን ከመቶው 73 ጊዜ «ሰው ይህ ነው» ተባለለት። ልብ በሉ! ይህ ማለት ከማዶ የተቀመጠው እውነተኛ የአደም ልጅ ከመቶው 73 ጊዜ «አንተ ማሽን ነህ» ተብሎ ተፈረደበት ማለት ነው። ጋዜጦች የማሽኑን ድል ዘገቡ። እኔን ያሳሰበኝ የዚያ የተካደው ሰው ነገር ነው።

ድረ ገጾች የሚያቀርቧቸው መፈተኛዎችም፣ የተጣመመ ፊደል አንብብ፣ የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ የሚሉት፣ ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠማቸውም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ቅርንጫፍ በተደረገ ጥናት ፕሮግራሞች ከሰዎች ይልቅ በፍጥነትም በትክክልም ሲፈቷቸው ታይቷል። ድምፁን ልስማ፣ መልኩን ልይ የሚልም አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቃውንና ባልደረቦቹን እያየ መስሎት 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላልፏል። ፊቶቹ ሁሉ በኮምፒውተር የተሠሩ ነበሩ።

እንግዲህ ንግግሩ፣ ድምፁና መልኩ ሊሰረቁ ከቻሉ ምን ይቀራል?

ኢማም ሙስሊም የዘገቡት የታወቀው የጂብሪል ሐዲስ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) እንደሚነግሩን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ተቀምጠው ሳለ ልብሱ እጅግ የነጣ፣ ጸጉሩ እጅግ የጠቆረ ሰው ብቅ አለ። የጉዞ ምልክት አይታይበትም፤ ከተቀመጡትም አንድ የሚያውቀው ሰው የለም። ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማን፣ ስለ ኢሕሳን ጠይቆ ሄደ። ጂብሪል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሯቸው ከሄደ በኋላ ነው። አስተግፊሩላህ፣ መልአክን ከቦት ጋር እያነጻጸርኩ አይደለም። እኔ የማነሳው የዑመርን ዐይን ነው። የመዲና ሰው ከሆነ ከእኛ አንዱ ባወቀው ነበር፤ መንገደኛ ከሆነ ደግሞ አቧራው የት አለ? ሁለቱ አይገጥሙም። ዑመር ያስተዋሉት የንግግሩን ማማር ወይም መሰባበር አይደለም። ሰው ሁሉ ወይ ጎረቤት ይኖረዋል፣ ወይ የመጣበት መንገድ ይኖረዋል፤ እርሳቸው ያጡት እነዚህን ነው። ሐጂም ያጡት ይህንኑ ነው።

የሐዲስ ዑለማዎቻችን በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ዒልም ገንብተዋል። በኢማም ሙስሊም ሶሒሕ መቅድም ከታቢዒዩ ሙሐመድ ኢብኑ ሲሪን እንደተላለፈው፣ ሰዎች ቀድሞ ስለ ሰነድ አይጠይቁም ነበር፤ ፊትናው በተነሳ ጊዜ ግን ነጋሪዎቻችሁ እነማን ናቸው ማለት ጀመሩ። ፈጣሪዎች፣ ማለትም ሐዲስ እየፈጠሩ የሚያወሩት፣ የሚጥም ንግግር አልጎደላቸውም። ዑለማዎቹ ንግግሩን አልፈው ሰውየውን ይጠይቁ ነበር፤ መቼ ተወለድክ፣ ከማን ሰማህ፣ የት ሰማህ? ኢስማዒል ኢብኑ ዐያሽ ከኻሊድ ኢብኑ መዕዳን ሰማሁ የሚልን ሰው በየትኛው ዓመት ብለው ጠየቁት። በ113 ዓመተ ሂጅራ አለ። ኻሊድ የሞቱት በ106 ነውና፣ ሰውየው ከሞቱ ሰባት ዓመት በኋላ ሰማሁ ማለቱ ሆነ። አንዲት ከመሬት ጋር የታሰረች ጥያቄ ስንት ያማረ ንግግር ጣለች!

እስከዚህ ያለው ትምህርት ያን አፈ ጮሌ እንድንይዘው ይረዳል። የእኔ ትልቁ ጥፋት ግን ከሌላው ወገን ነው፤ ለዚህም ዑለማዎቹ ሌላ ቃል አላቸው። የማይታወቅን ነጋሪ «መጅሁል» ይሉታል። መጅሁል ውሸታም ማለት አይደለም። ወሬው ተቀባይነት አያገኝም፣ እርሱ ግን ውሸታም አይባልም። ለእርሱ መፍትሔው አንድ ነው፤ የሚያውቀው ሰው እስኪገኝ መፈለግ። ከዑመር (ረ.ዐ.) በሚተረከው ዘገባ አንድ የማያውቁት ሰው ለመመስከር ቀረበ። ዑመር እንደማያውቁት፣ የእርሳቸው አለማወቅ ግን እርሱን እንደማይጎዳው ነገሩት፤ የሚያውቅህን አምጣ አሉት። አንድ ሰው ተነስቶ እኔ አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰው ነው አለ። መግቢያ መውጫውን የምታውቅ ጎረቤቱ ነህን? አይደለሁም። በዲናርና በዲርሃም ተገበያይታችኋል? የለም። በጉዞ ተጓድነሃል? የለም። እንግዲያውስ አታውቀውም ብለው ሌላ እንዲያመጣ ሰደዱት። በሌላ አነጋገር ደግሞ መስጂድ ውስጥ ራሱን ዝቅ ቀና ሲያደርግ አይተኸው ይሆናል ይላሉ። እኔ ያን አፈ ጮሌ ያወቅኩት በትክክል በዚህ መልኩ ነበር።

ለአንባቢ አንድ ነገር ላክል፤ ነገሩ የማሽን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2016 በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ በአንድ ኢስላማዊ ማዕከል ደጃፍ ሁለት ሰልፎች ተፋጠጡ። አንዱ እስልምና ቴክሳስን ወረረ የሚል፣ ሌላው ማዕከሉን የሚደግፍ ነበር። የመጀመሪያውን የጠራው «ሀርት ኦፍ ቴክሳስ»፣ ሁለተኛውን የጠራው «ዩናይትድ ሙስሊምስ ኦፍ አሜሪካ» የተባለ የፌስቡክ ገጽ ነው። በኖቬምበር 2017 በአሜሪካ ሴኔት የመረጃ ኮሚቴ ፊት ይፋ እንደሆነው ሁለቱም ገጾች የሚዘወሩት ሩሲያ ውስጥ ነበር፤ ለማስታወቂያው የወጣውም ወደ 200 ዶላር ብቻ ነው። ከገጾቹ በስተጀርባ የነበሩት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። «ቦት ነህ ወይስ ሰው?» ተብለው ቢጠየቁ «ሰው ነኝ» ማለታቸው እውነት ነበር። «የማን ጎረቤት ነህ?» ቢባሉ ግን ምን ይመልሱ ነበር?

ወደ እህታችን ልመለስ። ከዒድ ሁለት ሳምንት በኋላ ከሳዑዲ የተመለሰች የመስጂዳችን ሴት አገኘችኝ። ያባረርኳት ልጅ ሪያድ ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። የራሷ ስልክ የላትም፤ የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ ከሌላ ልጅ ተውሳ ትልካለች። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሆነው ለዚህ ነው። ፎቶም ስምም የሌለው ስልኩ የእርሷ ስላልሆነ ነው። ትምህርት ያቆመችው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ አንዴ በመከራ የጻፈችውን መልእክት ደጋግማ ትልካለች፣ መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ትመልሳለች። የማሽን ምልክት ብዬ የዘረዘርኳቸው ሁሉ የድህነትና የባርነት ምልክቶች ነበሩ። እነርሱ እኮ አቧራዋ ነበሩ!

ሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ ወሬን አጣሩ ይለናል። እኔ ይህን አንቀጽ ለጥበቃ ሥራዬ መፈክር አድርጌው ነበር። በዚያችው ሱራ አሥራ ሁለተኛው ከጥርጣሬ ራቁ እንደሚል ግን ረሳሁ። ማጣራት ማለት ወደ ሰውየው ደጃፍ መሄድ ነው፤ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ፈረድኩ። አዲስ አበባ ያሉት ሆስፒታሎች ስንት ናቸው? አራት ወጣት በሞተር ብንልክ በሁለት ቀን ያዳርሷቸው ነበር።

እናቲቱ ሆስፒታል አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝተው፣ ያለ አንድ ጠያቂ፣ ወደ ከሚሴ ተመልሰዋል። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አሉ። በጎረቤታቸው ስልክ ደወልኩላቸው። ማንነቴን ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው፣ «አንተ ነህ የኔን ልጅ ሰው አይደለችም ያልካት?» አሉኝ። አዎ ከማለት በቀር ምን እላለሁ። «እኔስ አውፍ ብየሃለሁ። እሷን ግን ራስህ አውፍ አስብላት» ብለው ስልኩን ለጎረቤታቸው መለሱ።

አሁን በጀመዓችን የሚያውቀው ሰው የሌለው አይባረርም፤ ገንዘብም አይሰበሰብለትም። ሁለት ሰው ይመደብለትና ወደ ሰፈሩ፣ ወደ ዘመዱ፣ ወደ አልጋው ይሄዳሉ። አንዳንዶች ሥራው በዛብን እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይበዛል።

ለእህታችን ልካበት በነበረው ስልክ ጥሪ ልከናል። ከወጣቶቹ ሁለት ሁለት እየሆንን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተራ እንጠብቃለን። ዛሬ አሥራ አንደኛው ሌሊት ነው፤ ተራው የእኔ ነው።